ትኩሳቱ ሲበርድ የሚጀምረው ሕማም

ከደቂቅ የደም ሥሮች ስለሚሾልከው ውሃ፣ ስለ ድሬዳዋ ትንኝ፣ ፈሳሽንም በልክ ስለ መስጠት

ከቀትር በኋላ፣ የድሬዳዋ ፀሐይ በከዚራ ሰፈር ዛፎች ጥላ ሥር የተቀመጠውን ሰው እንኳ በምታስጨንቅበት፣ የባጃጁ ጫጫታ ጋብ ብሎ፣ ሱቆቹም መዝጊያቸውን ገርበብ አድርገው ከተማዋ ጥቂት በምታሸልብበት ሰዓት፣ በአንድ የጤና ተቋም ግቢ ዳር ባለች ጠባብ ላብራቶሪ ውስጥ አንዲት ባለሙያ ከአንድ የዘጠኝ ዓመት ልጅ ጣት የወጣውን ጠብታ ደም በቀጭን የብርጭቆ ቱቦ ትቀበላለች። ቱቦዋ ርዝመቷ ሰባት ሴንቲ ሜትር ተኩል ያህል፣ ውፍረቷ ግን ሁለት ሚሊ ሜትር የማይሞላ ናት፤ ደሙም ማንም ሳይገፋው በራሱ ጊዜ ወደ ውስጧ እየተሳበ ይገባል። ከአራት እጅ ሦስቱ ሲሞላ ባለሙያዋ አንደኛውን ጫፍ በማሸጊያ ትደፍንና በሚሽከረከረው መሣሪያ ላይ አጋድማ ክዳኑን ትገጥማለች፤ መሣሪያውም አምስት ደቂቃ ያህል እየጮኸ ይዞራል።

ሲቆም ደሙ ተለያይቷል። ከታች ቀያዮቹ ሕዋሳት ተጠቅጥቀው፣ በላያቸው ለዓይን የሚያስቸግር ቀጭን ነጭ መስመር ተሠምሮ፣ ከዚያም በላይ ፕላዝማ የሚባለው ቢጫማ የደም ውሃ ጠልሎ ይታያል። ባለሙያዋ ቱቦዋን በመለኪያው ሰሌዳ ላይ አኑራ ቀዩ ክፍል ከመቶ ስንት እጅ እንደ ያዘ ታነባለች። ትናንት ጠዋት 38 ነበረ፤ አሁን 46 ሆኗል። የሌላውን በሽተኛ ውጤት ተላላኪ ይወስደዋል፤ ይህን ግን ወረቀቱን በእጇ ይዛ ራሷ ወደ ነርሷ ታደርሰዋለች።

የልጁ እናት በኮሪደሩ አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀምጣ፣ ዕቃዋን በፌስታል ሸክፋ ጨርሳለች። «ገላው ቀዝቅዟል፤ አራት ቀን ሙሉ ሲነድ የሰነበተ ልጅ ዛሬ ለቀቀው፤ እንግዲህ ወደ ቤቴ ልውሰደው» ትላለች። ነርሷ ወረቀቱን አይታ፣ «አብሽሪ እናቴ፤ መቀዝቀዙ ነው እኔን የሚያስፈራኝ። ዛሬና ነገ እዚሁ ነው የምታድሩት» ብላ ፌስታሉን ትቀበላታለች።

ደሙ አልበዛም፣ ውሃው ጐደለ

ትኩሳት የለቀቀው ሰው ዳነ ማለት በአገራችን የኖረ ፍርድ ነው፤ ፍርዱም በብዙ ደዌ ዘንድ እውነት ሆኖ ስለ ተገኘ ማንም አይጠራጠረውም። ደንጊ በተባለው ትኩሳት ዘንድ ግን፣ ሕማሙ ወደ ክፉ የሚያዘነብልባቸው ጥቂቶች መከራቸው የሚጀምረው ትኩሳቱ በበረደበት ዕለት ስለሆነ፣ እናቲቱ ደስ ያላት ነገር ነርሷን ማስጨነቁ አያስደንቅም።

ከ38 ወደ 46 የወጣው ቍጥር የልጁ ደም በአንድ ሌሊት ስለ በዛ የመጣ አይደለም። በቡኮው ላይ የጠለለው ውሃ ሲገፈፍ ዱቄት ሳይጨመርበት ሊጡ እንደሚወፍር፣ የደሙ ውሃ ከሥሮቹ እየሾለከ በወጣ መጠን በውስጥ የቀረው ደም እየወፈረ ሄዷል። ሐኪሞች ይህን ልክ ሄማቶክሪት ይሉታል፤ ከመጀመሪያው ልክ ከመቶ ሃያ እጅ ያህል ከፍ ካለም ከሥሮቹ ብዙ ውሃ መውጣቱን እንደ ማስረጃ ይቈጥሩታል።

ውሃው ወዴት ሄደ? ቤተ ሰቡ የሚፈልገው የሚታይ ደም ነው፤ ከአፍንጫ፣ ከድድ ወይም ከሰገራ ጋር የሚወጣ ደም እስካላየ ድረስም ልቡ ያርፋል። የሾለከው ፈሳሽ ግን ከገላ ውጭ አልወጣም፤ በሳንባ ዙሪያ ባለው ክፍተትና በሆድ ዕቃ መካከል ተጠራቅሟል፤ በአልትራሳውንድ የተመለከተ ሰው ጥቁር ሆኖ ተኝቶ ያየዋል። ልጁ ከአካሉ አንዲት ጠብታ ሳያፈስስ፣ የገዛ ደሙ ውሃ በገዛ ሆዱና ደረቱ ውስጥ ተከማችቶ፣ ልቡ የሚገፋው ሊያጣ ይችላል።

«ልጁ ከአካሉ አንዲት ጠብታ ሳያፈስስ፣ ልቡ የሚገፋው ሊያጣ ይችላል።»

አንድ ሕዋስ የሚወፍር ግድግዳ

እንግሊዛዊው ሐኪም ዊልያም ሃርቪ እ.ኤ.አ. በ1628 ባሳተመው መጽሐፍ ደም ከልብ ወጥቶ ወደ ልብ የሚመለስ ዑደት እንዳለው ባስረዳ ጊዜ፣ ከሚያደርሱት ሥሮች ወደሚመልሱት ሥሮች በየት በኩል እንደሚያልፍ ለማየት አልቻለም ነበር፤ ለዓይን የሚበቃ መሣሪያ አልነበረውምና። ያን መተላለፊያ ሃርቪ ከሞተ በኋላ እ.ኤ.አ. በ1661 በእንቍራሪት ሳንባ ውስጥ በማጉያ መነጽር ተመልክቶ የገለጠው ጣልያናዊው ማርቼሎ ማልፒጊ ነው። ደቂቅ የደም ሥሮች የምንላቸው እነዚያ ናቸው፤ ጥበታቸው ቀያዮቹ ሕዋሳት አንድ በአንድ፣ አንዳንድ ጊዜም ቅርፃቸውን ለውጠው ካልሆነ የማያልፉባቸው፣ ግድግዳቸውም የአንድ ሕዋስ ውፍረት ብቻ ያለው ነው።

ግድግዳው እንዲህ የሳሳው በስሕተት አይደለም። ኦክስጅኑ፣ ስኳሩና ጨዉ ከደም ወጥተው ለሥጋ የሚዳረሱት፣ የተቃጠለው አየርና ዝቃጩም ከሥጋ ወደ ደም የሚመለሱት በዚያ በኩል ስለሆነ፣ ግድግዳው ወፍሮ ቢሠራ ኖሮ ሰውነት በተትረፈረፈ ደም መካከል በረኀብ ይሞት ነበር። ስለዚህ ጥቂት ውሃ ዘወትር መሹለኩ ራሱ የጤንነት ሥርዓት እንጂ ሕማም አይደለም፤ ሕማም የሚሆነው ልኩን ሲያልፍ ነው።

ልኩ በምን እንደሚጠበቅ እ.ኤ.አ. በ1896 ያስረዳው እንግሊዛዊው የሥነ ሕይወት ሊቅ ኧርነስት ስታርሊንግ ነበር። ልብ በምትገፋው ኃይል ውሃው ወደ ውጭ ይገፋል፤ ጉበት የምትሠራው አልቡሚን የሚባለው ፕሮቲን ደግሞ ከሥሩ ውስጥ ሆኖ ውሃውን ወደ ራሱ ይስባል፤ በሁለቱ መካከል ያለው ሚዛን ሥሩ እንዳይደርቅም ሥጋው እንዳይረሰርስም ያደርጋል። ከእርሱ በኋላ የተነሡ ሊቃውንት፣ ከሥሩ ውስጠኛ ገጽ ላይ ከስኳርና ከፕሮቲን የተሸመነ እጅግ ረቂቅ ሽፋን ተነጥፎ እንደሚገኝና አልቡሚኑን አላሳልፍ የሚለው በአብዛኛው እርሱ መሆኑን ስለ ደረሱበት፣ የስታርሊንግ ትምህርት ሳይሻር ታርሟል። አምልጦ የወጣውን ትርፍ ውሃ ደግሞ ሊምፍ የሚባሉት ሥሮች እየሰበሰቡ ወደ ደም ይመልሱታል።

ይህን ሥርዓት ያወቀ ሰው፣ በአማርኛ በጥቅሉ እብጠት የምንለው ነገር ስንት ልዩ ልዩ ምክንያት እንዳለው ይገባዋል። ልብ ስትደክም ደሙ ወደ ኋላ ተጠራቅሞ ግፊቱ ይበረታል፤ ጉበት ሲታመም አልቡሚኑ አይሠራም፤ ኩላሊት ሲያፈስሰው ደግሞ የተሠራው ይባክናል፤ ባዶ እግሩን ቀይ አፈር ሲረግጥ የኖረ ገበሬ የሊምፍ ሥሮቹ ተዘግተው እግሩ ያብጣል። እነዚህ ሁሉ በሳምንትና በወር፣ አንዳንዱም በዓመታት የሚመጡ ናቸው፤ ጣት ሲጫናቸውም ብዙውን ጊዜ ጐድጓዳ ምልክት ይዘው ይቀራሉ። የግድግዳው ራሱ መላላት ግን በሰዓታት የሚሆን ነገር ነው፤ አልቡሚኑን ጭምር ስለሚያፈስስም ውሃውን መልሶ የሚስብ ኃይል አብሮት ይወጣል። እኔ እንደሚመስለኝ ሕዝቡ ስለ ቀስተኛው እብጠት በቂ ዕውቀት አለው፤ ስለ ፈጣኑ ግን ማንም በወጉ አላስተማረውም።

ከንድፊያው ጀምሮ

የፈጣኑን መሹለክ ትንሽ አርአያ ለማየት የሚፈልግ ሰው ትንኝ የነደፈውን ክንዱን ይመልከት። ትንኟ ምራቋን ስትተውበት ሰውነት ሂስታሚን የተባለውን ቅመም ይለቅቃል፤ ሂስታሚኑም በዚያች ስፍራ ያሉትን ደቂቅ ሥሮች ስፌት ያላላል፤ ውሃው ይወጣና ቆዳው ጉብ ብሎ ያሳክካል፤ ከጥቂት ሰዓትም በኋላ ይከስማል። ንብ ነድፋው ወይም መድኃኒት ተወግቶ መላ አካሉ የሚቈጣበት ሰው ደግሞ ይኸው ነገር በአንዲት ስፍራ ሳይወሰን በሁሉም ሥሮች ላይ በደቂቃዎች ውስጥ ስለሚደርስበት፣ አድሬናሊን ካልተወጋ በቀር ሊሞት ይችላል። ቃጠሎ የበላው ገላ፣ ተሕዋስያን ደሙን የበከሉት ሰው፣ አንዳንድ እባብ የነከሰው ሰው፣ ሁሉም የደም ሥሮቻቸው እየላሉ ውሃ ያጣሉ።

ስለዚህ በድሬዳዋ ስለ ትንኝ ስንናገር ስለ ሁለት መሹለክ እንናገራለን፤ አንደኛው በነደፈችበት ስፍራ የሚቀረው፣ ሁለተኛው ከምራቋ ጋር ያስገባችው የደንጊ ረቂቅ ተሕዋስ ከቀናት በኋላ የሚያመጣው።

ይህች ትንኝ ወባ የምታስተላልፈው አይደለችም። ጥቁር ናት፤ እግሮቿ ነጫጭ ቀለበት አላቸው፤ የምትነድፈውም በሌሊት ሳይሆን ማለዳና ከፀሐይ መጥለቅ በፊት ባለው ሰዓት ስለሆነ፣ አጎበር ዘርግቶ የሚተኛ ሰው ከእርሷ አያመልጥም። ረግረግና ኩሬ አትሻም፤ የምትወደው በሰው ቤት የተጠራቀመ ንጹሕ ውሃ ነው። ቧንቧው በፈረቃ በሚመጣባት፣ የደቻቱ ወንዝም ዓመቱን አብዛኛውን ደርቆ አሸዋውን ዘርግቶ በሚተኛባት ከተማ በርሜል የሌለው ቤት ማግኘት ስለሚያስቸግር፣ ለእርሷ ማደሪያ አይታጣም። እንቍላሎቿን ከውሃው ወለል ጥቂት ከፍ አድርጋ በበርሜሉ ግድግዳ ላይ ትለጥፋቸዋለች፤ እነርሱም ደርቀው ለወራት ይቈዩና ውሃ ሲነካቸው ይፈለፈላሉ። ከቤት ወደ ቤት የምትዞር አንዲት የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛ፣ «ውሃውን ደፋሁት ይሉኛል፤ እኔ የምላቸው ግን ግድግዳውን በብሩሽ ፈግፍጉት ነው» ስትል፣ የበርሜሏ ባለቤት የሆኑት እናት ደግሞ «ልጄ፣ በሳምንት አንዴ ያገኘሁትን ውሃ ምኑን ልድፋው?» ብለው ይመልሱላታል። ሁለቱም እውነታቸውን ነው፤ ክርክሩም በምክር የሚያልቅ አይመስለኝም፤ ቧንቧው ዘወትር ቢፈስስ ያልቅ ነበር።

በአገራችን የደንጊ ወረርሽኝ ለመጀመሪያ ጊዜ በምርመራ የተረጋገጠው በዚህችው ከተማ እ.ኤ.አ. በ2013 ሲሆን፣ ከ10,000 በላይ ሰው ታሟል። ከዚያ ወዲህ በጎዴና በአፋር ቆላ ከተሞችም ታይቷል።

የቀኖቹ አካሄድ

አንድ በመጋላ ሰፈር ጨርቅ የሚሸጥ ነጋዴ የታመመበትን ሳምንት እንዲህ ብሎ ይተርካል፦ «በመጀመሪያው ቀን ምች ነው ብለው ዳማከሴ አሸተቱኝ፣ ገላዬንም አሹኝ። በሁለተኛው ቀን ወባ ነው ብዬ ተመረመርኩ፤ የለም አሉ። በሦስተኛው ቀን ታይፎይድ ነው ተባልኩ። ዓይኔ ከሥሩ ይነቀላል፣ አጥንቴ ተሰባብሯል ስል የሚሰማኝ የለም። በአምስተኛው ቀን ለቀቀኝና ሱቄን ከፈትኩ፤ እዚያው ደጃፉ ላይ ነው የወደቅሁት።»

ነገሩ በዚህ መልክ የሚሄድ ነው። ከፍተኛ ትኩሳት፣ የራስ ምታት፣ ከዓይን ኋላ የሚሰማ ሥቃይና የመገጣጠሚያ ሕመም ያለበት ጊዜ ከሁለት እስከ ሰባት ቀን ይቈያል፤ ብዙውን ጊዜ ከሦስተኛው ቀን በኋላ ትኩሳቱ ይወርዳል። ከታመሙት መካከል ብዙዎቹ ከዚያ ወዲያ እያገገሙ ይሄዳሉ። በጥቂቶቹ ግን ሥሮቹ የሚላሉት በዚያ ጊዜ ነው፤ የመላላቱም ዘመን እጅግ አጭር፣ ከ24 እስከ 48 ሰዓት ብቻ ነው። ያን ሰዓት በሰላም ያለፈ ሰው ድኗል፤ ግድግዳው ያለ መድኃኒት ራሱ ይጠገናልና። የሐኪሙ ሥራም በሽታውን መግደል ሳይሆን፣ በሽተኛውን እስከዚያ ሰዓት በሕይወት ማድረስ ነው።

«የሐኪሙ ሥራ በሽታውን መግደል ሳይሆን፣ በሽተኛውን ግድግዳው እስኪጠገን በሕይወት ማድረስ ነው።»

የሚያታልለውም ይህ ነው፦ ወደ ሞት የቀረበው በሽተኛ አእምሮው ሳይዛባ፣ ለጠየቁት እየመለሰ፣ አንዳንዴም እየሳቀ ሊቀመጥ ይችላል። የደም ግፊቱን የለካ ልምድ የሌለው ባለሙያ የላይኛውን ቍጥር 100 አግኝቶ ደኅና ነው ይላል፤ ልምድ ያለው ግን የታችኛውን ይጠይቃል። ውሃ ያጣው ሰውነት ሥሮቹን አጥብቆ ስለሚይዝ የታችኛው ቍጥር ከፍ ይላል፤ በላይኛውና በታችኛው መካከል ያለው ርቀት ወደ 20 ወይም ከዚያ በታች በጠበበ ጊዜ ሐኪሞች ሾክ የሚሉት ነገር ደርሷል፤ የላይኛው የሚወድቀው ግን ዘግይቶ ነው። ነርሷ የልጁን አውራ ጣት ጥፍር ተጭና እስኪነጣ ትይዝና ትለቅቃለች፤ ቅላቱ በሁለት ሰከንድ ውስጥ ካልተመለሰ፣ እጅና እግሩም ከቀዘቀዘ፣ መሣሪያ ሳትጠብቅ ሐኪሙን ትጠራለች። ቤት ያሉ ሰዎች ደግሞ መሣሪያም ልምድም ባይኖራቸው፣ የማያቋርጥ የሆድ ቍርጠት፣ የሚደጋገም ትውከት፣ የድድ ወይም የአፍንጫ መድማት፣ የሽንት ማነስ፣ እንዲሁም ያለ ልማድ መቅበጥበጥ ወይም መፍዘዝ ባዩ ጊዜ፣ «ትኩሳት የለውም» ብለው እንዳይዘናጉ መምከር ይገባል።

ግድግዳውን የሚያላላው ማን ነው?

ደንጊ አራት ዓይነት አለው። በአንደኛው ዓይነት የታመመ ሰው ለዚያ ዓይነት ዘላቂ መከላከያ ያገኛል፤ ለሦስቱ ግን አያገኝም። እ.ኤ.አ. በ1950ዎቹ በማኒላና በባንኮክ ሕፃናት በዚህ ትኩሳት እየደሙና በሾክ እየወደቁ መሞት በጀመሩ ጊዜ፣ ሐኪሞቹ አዲስ ደዌ የመጣ መስሏቸው ነበር። በባንኮክ የሠራው አሜሪካዊው ሐኪም ስኮት ሃልስቴድ ግን የሕፃናቱን ነገር በጥንቃቄ ከመረመረ በኋላ፣ ክፉው ሕማም ይልቁንም የሚያጠቃው ለሁለተኛ ጊዜ በሌላ ዓይነት የተያዙትን፣ እንዲሁም ከእናታቸው ደም መከላከያ ይዘው የተወለዱትን ጨቅሎች መሆኑን አስተዋለ። ከመጀመሪያው ሕማም የተረፈው ፀረ እንግዳ አካል አዲሱን ዓይነት ይይዘዋል እንጂ አይገድለውም፤ እንዲያውም ወደ ሕዋሳቱ ውስጥ ያስገባዋል፤ ተሕዋሱም ከፊተኛው ይልቅ ይራባል። ጠባቂው ለጠላት በር ከፋች መሆኑ ብዙ ሊቃውንትን ለዘመናት ያከራከረ ነገር ነበር።

ሥሮቹን የሚያላላው ደግሞ የሰውነት ቍጣ ብቻ ነው ሲባል ቈይቶ፣ እ.ኤ.አ. በ2015 በአሜሪካና በአውስትራልያ ያሉ ሁለት የተመራማሪ ቡድኖች፣ ተሕዋሱ ወደ ደም የሚለቅቀው ኤን ኤስ 1 የተባለ ፕሮቲን ራሱ የሥሮቹን ውስጠኛ ሕዋሳት አሳላፊ እንደሚያደርግ አሳይተዋል። ያ ቀደም ብዬ ያነሣሁት ረቂቅ ሽፋን በእርሱ ምክንያት ይገፈፋል። ይኸው ፕሮቲን በመጀመሪያዎቹ ቀናት በደም ምርመራ ስለሚታይ፣ በሽታውን ለመለየትም ያገለግላል።

በነገራችን ላይ፣ ተሕዋስም መርዝም ሳይኖር ሥሮቻቸው በድንገት የሚላሉ ሰዎች አሉ። የኒው ዮርኩ ሐኪም ቤያርድ ክላርክሰንና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ1960 የጻፉላት ሴት በየጊዜው ሰውነቷ እያበጠ በሾክ ትወድቅ ነበር፤ ሕማሙም በእርሱ ስም ይጠራል። እጅግ ብርቅ ነው፤ በመላው ዓለም የተመዘገቡት በጥቂት መቶዎች ይቈጠራሉ። ዛሬ በየወሩ ከሰው ደም የተጣራ ፀረ እንግዳ አካል በደም ሥር እየተሰጣቸው ብዙዎቹ ሕማሙ ሳይመለስባቸው ይኖራሉ። ለደንጊ ግን እንዲህ ያለ መድኃኒት የለም፤ ኮርቲዞን መሰል መድኃኒቶችም ተሞክረው ጥቅማቸው አልታየም።

ጉሉኮሱ

በከተማችን ውስጥ የደከመው ሁሉ፣ የታመመውም ያልታመመውም፣ ጉሉኮስ እንዲተከልለት መፈለጉ የታወቀ ነው። አንድ በዕድሜ የገፉ ሐኪም፣ «ሰው ጉሉኮስ ካልተከልክለት አልታከምኩም ይላል፤ የተከልክለት እንደ ሆነ ደግሞ አትንቀልብኝ ይላል» ይላሉ። የደንጊ ሕክምና ጥበቡ ሁሉ ያለው ግን በመትከሉና በመንቀሉ ሰዓት ላይ ነው።

መጠጣት የሚችል በሽተኛ፣ ምልክቶቹ እስካልታዩበት ድረስ፣ በቤቱ ኦ.አር.ኤስ.፣ አጥሚት፣ የፍራፍሬ ጭማቂ እየደጋገመ ቢጠጣ ይበቃዋል፤ ለትኩሳቱም ፓራሲታሞል ይሰጠዋል። አስፕሪን፣ አይቡፕሮፌንና በየፋርማሲው በቀላሉ የሚወጋው ዲክሎፌናክ ግን መድማትን ስለሚያባብሱ ሊከለከሉ ይገባል። ይህን ክልከላ እያወቁ መርፌውን የሚወጉ ሻጮች እንዳሉ ሁሉም ያውቃል፤ በሽተኛው ለሰዓታት ሕመሙ ስለሚለቀው ያመሰግናቸዋል።

የማስጠንቀቂያው ምልክት በታየበት ሰው ላይ ግን ፈሳሹ በደም ሥር መሰጠት አለበት። ፈሳሹም ስኳር የተበጠበጠበት ውሃ ብቻ ሊሆን አይገባም፤ ስኳሩን ሰውነት ሲያቃጥለው ውሃው ብቻውን ይቀርና በሥር ውስጥ ሳይቈይ ወደ ሥጋው ሁሉ ይሰራጫልና። የሚያገለግሉት ጨውነታቸው ከደም ጋር የተቀራረበው ኖርማል ሳላይንና ሪንገር ላክቴት ናቸው። በቬትናም ሆ ቺ ሚን ከተማ በሾክ የወደቁ ሕፃናት ተካተውበት እ.ኤ.አ. በ2005 በታተመ ጥናት፣ መካከለኛ ሾክ ላለባቸው ሕፃናት ርካሹ ሪንገር ከውድ ፈሳሾች አላነሰም፤ ይህም እንደ እኛ ላለ አገር ትልቅ የምሥራች ነው።

መጠኑ እንዴት እንደሚወሰን በልጁ አልጋ አጠገብ ማየት ይቻላል። ክብደቱ 24 ኪሎ ነው፤ ሾክ ስላልደረሰበት ለእያንዳንዱ ኪሎ በሰዓት 5 ሚሊ ሊትር ይጀመርለታል፤ ይህም በሰዓት 120 ሚሊ ሊትር ይሆናል። ጠብታውን የሚለካ ፓምፕ ስለሌለ ነርሷ የእጅ ሰዓቷን ወደ ጠብታ ማያው አስጠግታ፣ መቆጣጠሪያውን በአውራ ጣቷ እያጠበቀችና እያላላች፣ በደቂቃ 40 ጠብታ እስኪሆን ትቈጥራለች፤ አስታማሚዋ እጅ እንዳይነካው ታስጠነቅቃለች። ከሁለት ሰዓት በኋላ እንደ ገና ጣቱ ይወጋል፤ ቱቦዋ ትሽከረከራለች። ቀዩ ክፍል ከወረደ ጠብታው ይቀነሳል፤ ከጨመረ ይጨመራል፤ ቀዩ ወርዶ ልጁ ግን ከተዳከመ የተደበቀ መድማት ስለሚጠረጠር ደም ይዘጋጃል። ሽንቱም እየተለካ ይጻፋል።

ለምን እንዲህ ይጨነቃሉ? አብዝቶ መስጠትስ ምን ይጎዳል? የላላ ሥር የተሰጠውን ሁሉ መልሶ ያፈስሳል፤ የፈሰሰውም በሳንባ ዙሪያ ይጠራቀማል። እ.ኤ.አ. በ2011 ውጤቱ በታተመ፣ በኬንያ፣ በዩጋንዳና በታንዛንያ ከ3,000 በላይ ሕፃናት በተካተቱበት ጥናት፣ ትኩሳትና የደም ዝውውር መድከም የነበረባቸው ሕፃናት በፍጥነት ብዙ ፈሳሽ ሲሰጣቸው ካልተሰጣቸው ይልቅ ብዙዎቹ ሞተዋል። ጥናቱ ስለ ደንጊ አልነበረም፤ ከሕፃናቱ ብዙዎቹ ወባ የነበረባቸው ናቸው፤ በደንጊ ሾክ የወደቀ ልጅ ፈሳሽ ሊነፈግ አይገባም። ነገር ግን ውሃ ምንም አይጎዳም የሚለውን የሐኪሞች የቈየ መተማመን ያናጋ ጥናት ነው።

«ጉሉኮስ ካልተከልክለት አልታከምኩም ይላል፤ የተከልክለት እንደ ሆነ ደግሞ አትንቀልብኝ ይላል።»

የላላው ግድግዳ ከተጠገነ በኋላ ደግሞ በሆድና በደረት የተጠራቀመው ውሃ በሁለት ሦስት ቀን ውስጥ ራሱ ወደ ደም ይመለሳል። ጠብታው በዚያን ጊዜ ካልተቋረጠ፣ የሚገባውና የሚመለሰው ውሃ ተደራርቦ ሳንባውን ያጥለቀልቀዋል፤ ከሾክ የዳነ ልጅ በመድኃኒቱ ብዛት የሚታፈነው በዚህ ሰዓት ነው። ሐኪሙ መርፌውን ሲነቅል ዘመድ የሚቈጣውም በዚሁ ሰዓት ነው። «ገንዘቡን ከፍለናል፣ ከረጢቱ ገና አላለቀም» የሚል አጎት በየክፍሉ አይጠፋም። ሌላው ደግሞ ፕላትሌት የሚባለው የደም ክፍል ማነሱን በወረቀት አንብቦ ደም ለጋሽ ፍለጋ ከተማውን ያካልላል፤ በሽተኛው እስካልደማ ድረስ ግን ቍጥሩ ስላነሰ ብቻ ፕላትሌት መስጠት አይጠቅምም፤ በጥቂት ቀናት ውስጥ ራሱ ይወጣል። እነዚህን ነገሮች ለዘመድ ቁጭ ብሎ የሚያስረዳ ባለሙያ ባለበት ክፍል ጠቡ ያንሳል፤ ከባድ ደንጊ በደኅና ከተጠበቀም የሚሞተው ከመቶ አንድ አይሞላም።

ክትባቱና የፊተኛው ሕማም

ሃልስቴድ ያስተዋለው ነገር ክትባት በሚሠሩ ሰዎች ላይ ትልቅ ችግር ሆኖ ተገኝቷል። እ.ኤ.አ. ከ2016 ጀምሮ በፊሊፒንስ ከ800,000 በላይ ሕፃናት የተከተቡት የመጀመሪያው የደንጊ ክትባት፣ ከዚህ ቀደም በደንጊ ተይዘው የማያውቁ ልጆችን በኋላ ለከባዱ ሕማም የሚያጋልጥ መሆኑ በ2017 መጨረሻ በተገለጠ ጊዜ፣ የአገሪቱ ሕዝብ እጅግ ተቈጣ፤ በሌሎች ክትባቶች ላይ ያለው እምነትም ተጎዳ። ክትባቱ ላልታመመው ልጅ እንደ ፊተኛ ሕማም ሆኖ ነበርና። እ.ኤ.አ. በ2024 የዓለም ጤና ድርጅት ቅድመ ብቃት ማረጋገጫ የሰጠው ሌላ ክትባት፣ ሕማሙ በሚበዛባቸው አገሮች ከ6 እስከ 16 ዓመት ለሆናቸው ልጆች ሁለት ጊዜ፣ በሦስት ወር ልዩነት እንዲሰጥ ይመከራል፤ ሕማሙ ብርቱ ባልሆነባቸው ስፍራዎች ግን ምክሩ አይሠራም።

ድሬዳዋ ከየትኛው ወገን እንደምትቈጠር ለመወሰን ስንት ልጅ ከዚህ ቀደም ተይዞ እንደ ነበር በደም ምርመራ ማወቅ ያስፈልጋል፤ በደንጊ ከሚያዙት ብዙዎቹ ምንም ሳይሰማቸው ስለሚያልፉ ሰውን በመጠየቅ ብቻ አይታወቅምና። እስከዚያው ድረስ በከተማዋ ያሉ ጥንቁቅ ሐኪሞች በትኩሳት የመጣን ሰው ሁሉ፣ «ከዚህ በፊት ደንጊ ይዞህ ያውቃል?» ብለው ይጠይቃሉ፤ «የለም» ብሎ የሚመልሰውንም ለሁለተኛ ጊዜ እንደ ተያዘ ቈጥረው፣ ትኩሳቱ ከበረደ በኋላ ሁለት ቀን ሳያልፍ አያሰናብቱትም።